በቀለ ኮፈኑ ላይ የጻፈው

በቀለ ሞተ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ከቀፊራ ገበያ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ። «የቱ በቀለ?» አልኩ፣ የቱ እንደሆነ እያወቅኩ። እሱ እንኳን ሊሞት፣ እኔን ቀብሮ የሚመለስ ነበር የሚመስለኝ።

ፎቶውን እዚህ ገጽ ላይ ለጥፋችሁ «የድሬ ልጅ፣ የሞተር ሐኪም፣ ደግ ሰው» ብላችኋል። ሞተር ያውቃል፣ አልክድም። ደግ ግን አልነበረም። ስለሞተ ብቻ ደግ አታድርጉት።

ከፎቶው ሥር አንዱ «‹ጽፌያለሁ› ሞተ እንዴ?» ብሎ ስቋል። ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። ይህ ቅጽል ስም ከየት እንደመጣ በትክክል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ባለቤቴ ጌታቸው በጃንሆይ ጊዜ የባቡር ጋራዥ በያጅ ነበር። በቀለ የሥራ ጓደኛው ነው። አንድ ግሪክ ነጋዴ ጥሎት የሄደ ባለ ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለ የድሮ ስፖርት መኪና አገኙና እየገፉ ግቢያችን አስገቡት። ለሽቅድምድም እናደርገዋለን አሉ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ባዶ በርሜል ደርድረው ዙር ሠርተው ነበር፤ እሑድ እሑድ አቧራ የሚያስነሱበት።

መኪናውን ገፈፉት። በሮቹን አወለቁ፣ የፊት መስታወቱን፣ ምንጣፉን፣ የተሳፋሪውን ወንበር። የቀረውን ብረት ይቅለል ብለው በመሰርሰሪያ ወንፊት አደረጉት። አንድ ቀን ከገበያ ስገባ የሙሽርነት አልጋዬ ራስጌ የለም። ቧንቧው ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ተበይዷል። ቢገለበጥ ጭንቅላት ያድናል ተባልኩ።

«አንተ ሌባ! የሰው አልጋ ትቆርጣለህ?» አልኩት በቀለን።

«አቦ ሙሽሪት፣ ተይና! የበየደው ባልሽ ነው።»

«ያሳበድከው አንተ ነህ!»

«ወሪያ ጌታቸው፣ ለሚስትህ ዘይት ጠብ አድርግላት፤ ትጮሃለች!»

ጌታቸው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበቀለ ጋር ተኳረፍን። በማግስቱ የመኪናው ጎን ላይ በጠመኔ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ግቢው ውስጥ የነበረ ወንድ ሁሉ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ ሳቀ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምን ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥራው ያላለቀ ፉርጎ ላይ ጉድለቱን በጠመኔ ይጽፋሉ። የሚያጠፋው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ጽሑፉ ከሌለ ሥራው አልቋል፣ ፉርጎው ይነሳል። መኪናቸውንም በዚያው ሕግ ነበር የሚሠሩት። በቀለማ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀው ዞሮ እንኳ ሳያይ «ጽፌያለሁ!» ነበር መልሱ። እኔ ይህን ልማድ ያወቅኩት ከባሌ ቀብር በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጌታቸው ሳይኖር በቀለ መጣ። የፍሬኑን ቱቦ ቀየረ። ልኩ የሆነ መፍቻ አልያዘም ነበርና በእጁ ብቻ አጠበቀው። ከዚያ ኮፈኑ ላይ በትልልቁ ጻፈ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ በመካከላችን ሦስት እርምጃ አይሆንም። ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ሄደ።

ደግሞ የሰደበኝ መሰለኝ። እርጥብ ጨርቅ አንስቼ አጠፋሁት። ደስ እያለኝ ነው ያጠፋሁት።

እሑድ ጌታቸው ኮፈኑን አየ፤ ንጹሕ ነው። ነዳው። በሁለተኛው ዙር ቱቦው ለቀቀ። የአልጋዬ ቧንቧም አላዳነውም።

ለቅሶው ላይ በቀለ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ጮኸ። «ጽፌያለሁ! ፍሬኑ አልጠበቀም፣ አትንዳው ብዬ ኮፈኑ ላይ ጽፌያለሁ!»

አንድ አባት ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ጽሑፍ አይተሻል?»

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ አባቴ» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ አልችልም ነበር። በዚህ እውነት ሰውየውን ከነሕይወቱ ቀበርኩት። ከዚያ ወዲያ መኪና የሚያመጣለት ጠፋ። ልጅ ቢጠይቅ «ለውሸታም አንድርም» ተባለ። ሕፃናት ሳይቀሩ «ጽፌያለሁ!» እያሉ ይከተሉት ነበር። እኔ በመስኮት እሰማ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ። ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ። ስለ እሱ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

አምና ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። እርጅና አኮማትሮታል።

«ሙሽሪት፣ ማንበብ ተማርሽ አሉ።»

«ተማርኩ።»

«መጻፍስ?»

መንገዴን ቀጠልኩ። መጻፍም ችዬ ነበር።

እንግዲህ ከፎቶው ሥር የምትስቁ ሁሉ ስሙ። በቀለ አልዋሸም። ጽፏል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነገ ከመቀበሩ በፊት ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። ልትሰድቡኝ የምትፈልጉ እዚያ ታገኙኛላችሁ።

በቀለ፣ አንተንም አለቅህም። ማንበብ እንደማልችል ታውቅ ነበር። «እንዳይነዳው በይው» ማለት ምን ይፈጅብህ ነበር? ኩርፊያ ነው? በሰው ነፍስ ላይ ይኮረፋል? ይቅርታ የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ። ይቅርም አላልኩህም። ስምህን ግን መልሼልሃለሁ፤ በቁምህ ማድረግ ሲገባኝ አስክሬንህ ላይ።

ሂድ እንግዲህ። ጌታቸውን ካገኘኸው፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ቀድመህ ንገረው። እኔ ስደርስ አውቆት ይጠብቀኝ።