በማድጋው የፈሰሰ እርሾ

ስዳር ዕድሜዬ ከዐሥራ ስድስት አይበልጥም ነበር። ባሌ ያመጣኝ ዳባት ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከቤታችን ቁልቁል፣ ከወንዙ ማዶ፣ እኛ ፈላሻ የምንላቸው፣ ራሳቸውን ግን ቤተ እስራኤል የሚሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። እንስራውንም ምንቸቱንም የምንገዛው ከነሱ ነው። የኔ ሸክላ ሠሪ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ገደማ፣ ለፋሲካ ጠላ ያዘዝኳትን እንስራ ላመጣ ወረድኩ። የቤቴ እርሾ ተበላሽቶብኝ ስለነበር መንገዴን ከባሌ እኅት ተቀብዬ በቅል ይዣለሁ። ደጃፏ ስደርስ ሴትዮዋ ደህናውን ምንቸት ሁሉ እያነሣች ድንጋይ ላይ ትከሰክሳለች።

«ምነው፣ ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ፋሲካችን ነገ ይገባል፣ እሜቴ። እርሾ የነካው ዕቃ ከኛ ጋር አይውልም። ሰባት ቀን ቂጣ ነው የምንበላ። አባቶቻችን ከግብጽ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ አልጠበቁም።»

ግራ ገባኝ። የሙሴን ታሪክ ከቄሶቻችን ሰምቻለሁ፤ የነሱም ነው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ፋሲካ ለኔ ትንሣኤ ነው፣ የጾም መፍቻ። ዕቃ የሚሰበርበት፣ ያልቦካ የሚበላበት ፋሲካ ምን ዓይነት ነው?

«ከአጥሩ እንዳያልፉ፣ አደራ» ብላኝ እንስራዬን ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞረች።

በሰፈራችን ስለ ፋሲካቸው የማይወራ የለም፤ የሚደብቁት ነገር አለ ይባላል። ዘወር እንዳለች አጥሩን አልፌ ገባሁ። ከግድግዳው ሥር አዲስ ማድጋ ተከድኖ ቆሟል። ከፍቼ አየሁ፤ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነው። ይበልጥ ለማየት ጎንበስ ስል በብብቴ የያዝኩት ቅል ተዘነበለና እርሾው ማድጋው ውስጥ ተንጠፈጠፈ። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ደፍርሶ ጠራ። ከድኜ ተመለስኩ።

እሷ እንስራዬን አመጣች፤ ትንሽ ምንቸትም በምርቃት ጨመረችልኝ። «መልካም በዓል ያድርግልዎ» አለችኝ። እንስራውን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ።

ስቅለት ደረሰ። ከስግደቱ በኋላ እንደ ደንቡ ቄሱ ዘንድ ቀረብኩ። በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ «የበደልሽው አለ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አባ፣ የሰው ፋሲካ አበላሽቻለሁ።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። «እነሱ ደግሞ ምን ፋሲካ አላቸው? ሌላ ኃጢአት የለብሽም?»

በባሌ ላይ መጮኼን ተናገርኩ። ለሱ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ፤ ግን ጉልበቴ ዛለ እንጂ ልቤ አልቀለለኝም። በበዓሉ ዕለት ባሌ ጠላውን እያመሰገነ ሲጠጣ እኔ ከዚያ እንስራ መቅመስ አቃተኝ።

ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት ወረድኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠራኋት። እስከዚያ ቀን «አንቺ» ነበር የምላት፤ ያን ቀን «እርስዎ» የሚለው ከአፌ ወጣ።

«የበዓሉ ዋዜማ ሳያዩኝ ገብቼ ማድጋዎ ውስጥ እርሾ ደፍቻለሁ። ሳላስበው ነው። ፈርቼ ዝም አልኩ።»

የጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«በዚያ ውሃ ነው ቂጣውን የጋገርኩት» አለች። «ሽማግሌው አማቴ በልተውታል። ልጆቼም። ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ማድጋ ነው፤ እሰብረው ነበር። ሌላ እሠራለሁ፤ እጄ አለ። አሁን ምኑን ልስበረው?»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ቄሳችንን እጠይቃለሁ» ብላ ገባች። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።

ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አልነፈገችኝም፤ ግን ቆማ አታወራኝም ነበር። በዓመቱ፣ ጾሙ ሊያልቅ ሲል፣ ባሏ አዲስ እንስራ በአህያ ጭኖ ደጄ መጣ። እኔ አላዘዝኩም ነበር።

«ባለቤቴ ናት የላከችኝ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «በፋሲካችን ሰሞን እንዳይወርዱ ነው። የሚፈልጉት ካለ ለኔ ይንገሩኝ፤ እኛ እናመጣለን።»

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። «እሺ» ብቻ አልኩ። እንስራውን በጥንቃቄ አውርዶ ከግድግዳው አስደገፈውና አህያውን እየነዳ ሄደ። ኋላ ወደ ደባርቅ እስክንዛወር ድረስ በዚያ ሰሞን ወንዙን ተሻግሬ አላውቅም።