ቢጫው ጀሪካን የሄደበት መንገድ

ገላኔን ያስቸገራት የጀልባዋ ፕሮፔለር ነበር፤ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋው የብረት ማራገቢያ። ከባቱ ሐይቅ ዳርቻ ተነስታ አማቷ እማማ ዘርፉ ወደሚኖሩባት ትንሽ ደሴት ስታቀና፣ ገና ብዙ ሳትርቅ ሐይቁን የወረረው የእንቦጭ አረም ሥር ይጠመጠምበትና ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል።

መሄድ ደግሞ ነበረባት። ባሏ መርጋ አዳማ ሲታከም ቆይቶ ሞተ፤ ባቱ ተቀበረ። እናቱ ሐይቁ በአረም ስለተዘጋባቸው ቀብሩ ላይ አልደረሱም። ገላኔ ደውላ ስታረዳቸው፣ «በስልክ ልቅሶ አይደረስም፣ ልጄ። ስትመጪ አብረን እናለቅሳለን» አሏት። ከዚያ ወዲህ እንባ የላትም። ለቀስተኛው ደረቱን ሲመታ እሷ የድንኳኑን ገመድ ቋጠሮ ስትመለከት ነበር።

እንቦጭን አንድ ጊዜ ከውሃ አንስቶ ማየት ነው። የቅጠሉ አንገት እንደ ትንሽ ፊኛ ያበጠ ነው፤ ቢሰነጥቁት ውስጡ እንደ ስፖንጅ፣ በአየር የተሞላ። የማይሰምጠው ለዚህ ነው። ሥሩ ጥቁርና እንደ ጸጉር የረዘመ ሲሆን ጥልቅ ውሃ ላይ መሬት የሚባል አይነካም። ምን ያለ ድንቅ አሠራር ነው! ፕሮፔለር ግን እንዲህ ያለውን ጸጉር አይችልም።

ገላኔ ፕሮፔለሩን ፈትታ በሚኒባስ አዳማ ወሰደችው። እዚያ አንድ በያጅ የሽቦ ቅርጫት ሠራለት። ቅርጫቱ እንቦጩን ሰበሰበው እንጂ አላስቀረውም። ፊላ ከሚባለው የሐይቅ ዳር ሸምበቆ የታሰረ ታንኳ ተውሳም ሞከረች፤ ታንኳው አረሙ ላይ ወጣና እንደ አልጋ ተቀመጠ። ሌላው ባለጀልባ ቀነዓ ከዳር ሆኖ፣ «ዛሬም ጀልባሽን ሳር ልታበዪ ነው?» ይላታል። ድሮ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። አሁን፣ «አዎ» አለችው። ቀነዓ አፈረና መጥቶ ገመዷን ያዘላት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የመርጋን መረብ ጣለች። መረብ ሲጣል አንዱ ጫፍ ፊላ ላይ ይታሰራል፤ ፊላ ሥሩን ጭቃ ውስጥ ስለሚተክል ንቅንቅ አይልም። ሌላው ጫፍ ላይ ምልክት የሚሆን ቢጫ ጀሪካን ይንሳፈፋል። የዚያን ዕለት ሐሳቧ ከእሷ ጋር አልነበረም፤ ፊላ ብላ ያሰረችው እንቦጭ ላይ ነበር። በማግስቱ መረቡ የለም። ቀነዓ ሌባውን ሲራገም እሷ ባዶውን ቦታ አየች። የመርጋ መረብ መሆኑን ታውቃለች። ያም ሆኖ ምንም አልተሰማትም።

እኩለ ቀን ሲሆን ስልኳ ጮኸ።

«ጀሪካናችሁ ደጄ ድረስ መጥቷል» አሉ እማማ ዘርፉ። «መርጋ በቀይ ቀለም የጻፈበት ነው። መረቡም አምባዛ ዓሣ ይዟል። ጀሪካኑ ከመጣ አንቺን ምን ያዘሽ?»

«ጠዋት ነፋሱ ከየት ነበር፣ እማማ?»

«ከእናንተ በኩል ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት የብሱ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት ነፋሱ ከዳርቻው ወደ ውሃው ይነፍሳል፤ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ይገለበጣል። እንቦጩም እንደ ሸራ አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመለሳል። ገላኔ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች አረሙ ላይ እያሰረች ስትሰድ ሰነበተች፤ እማማ ዘርፉ ከደሴቷ እየደወሉ መድረሳቸውን ነገሯት። አረሙን ሰንጥቃ ማለፍ አልነበረባትም ማለት ነው፤ አረሙ ራሱ ይዟት ይሄዳል።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ከውሃ አውጥታ አጋድማዋለች። ጀልባዋን በአረሙ ጠርዝ ላይ፣ መረቡን በስህተት እንዳሰረችው አድርጋ፣ አሁን አውቃ አስራታለች። ቀነዓ ከዳር ቆሞ ያያል፤ አልቀለደም። ጀልባዋ የቆመች ትመስላለች፤ የዳርቻው ዛፎች ግን እያነሱ ነው። ገላኔ መንጠቆ ጥላ አንድ ቆሮሶ ዓሣ አወጣች፤ ለእማማ ዘርፉ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠችው። ደሴቷ ላይ አንድ ሰው ነጠላ ለብሶ ቆሟል። እሷ ግን ገና ምንም አይሰማትም። እጇ ቋጠሮው ላይ ነው፤ ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ ነፋሱ እስኪያደርሳት ትጠብቃለች።