ቶርኪልና የሁለተኛው ፓምፕ ቢራ

የከተማው ሽንት ቤት ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ቶርኪል ሞስጎር እጅ ነው። እሱ እንደሚያወራው ከሆነማ፣ እሱ ባይኖር ያ ዴንማርክ ውስጥ በሊምፊዮርድ ባሕር ዳር ያለ ከተማ እስከ ጉልበቱ በቆሻሻ ይነከር ነበር።

ቶርኪል የፍሳሽ ማጣሪያው ኤሌክትሪሺያን ሆኖ አርጅቷል። የፓምፖቹን ሞተር የሚያስነሳና የሚያቆም አንድ የዛገ የብረት ሳጥን አለ፤ ከሱ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈልግም። እምቢ ሲል በእንጨት ጫማው ጎኑን ይነርተዋል፣ ሞተሩም ይነሳል። ከዚያ ሆዱን ነፍቶ፣ "ይሄ ዩኒቨርሲቲ አይገኝም" ይላል። እውነቱን ነው፣ ጫማ ዩኒቨርሲቲ አይገኝም።

እዚያ ቤት ያጠፋ ሰው አርብ ቀን ለባልደረቦቹ ቢራ ያመጣል። ከሳሹም ዳኛውም ቶርኪል ነው። ሾፌሩ ፕሬበን ቁልፉን መኪናው ውስጥ ቆልፎበት ሲወጣ፣ "ቢራ!" አዲሷ መሐንዲስ ሲግኔ ገና በመጀመሪያው ሳምንቷ የጉድጓድ ክዳን ላይ መኪና ስታቆም፣ "ቢራ፣ የኔ ልጅ፣ ቀዝቃዛ ይሁን።" እሱ ራሱ አንዲት ጠርሙስ ገዝቶ አያውቅም።

ታዲያ የማጣሪያው አለቃ ቤንቴ ሳጥኑ ይቀየር አለች። በስክሪን የሚታዘዝ አዲስ መጣ። ቶርኪልን ላብ አጠመቀው፤ ሳጥኑ ከሄደ እሱም የከተማው መናፈሻ ሣር ሊያጭድ መሄዱ ነው። ግን አንድ ተንኮል ነበረችው። ድሮ ሁለተኛውን ፓምፕ ሲገጥም፣ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሽቦ በስህተት አቀያይሮ አስሮ ነበር፤ ፓምፑ ወደ ኋላ ዞረ። ቶርኪል ሆዬ ወደዚያ ሽታ ዳግመኛ መውረድ ከበደውና፣ ላይ ሳጥኑ ውስጥም አቀያይሮ አቃናው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አሁን አዲሱ ሳጥን እንደ ደንቡ ሲታሰር ፓምፑ ወደ ኋላ መዞሩ አይቀርም። ዝም አለ። "ይለምኑኛል" አለ በልቡ።

የቅየራው ቀን ፈቃድ ወስዶ፣ ቡትስ ጫማውን እንዳደረገ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቤቱ ተቀመጠ።

"ምን ሆነሃል? ምጥ የያዘው ሰው መሰልክ" አለችው ሚስቱ ጉድሩን።

"ይደውላሉ።"

"ማን?"

"ሁሉም።"

ማንም አልደወለም። ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሎት ብስክሌቱን አንስቶ ሄደ።

እነሱ ሻይ ክፍል ቁጭ ብለዋል። መሐል ላይ ለአዲሱ ሳጥን ምርቃት የመጣ፣ ትንሽ ባንዲራ የተሰካበት ኬክ፤ ግማሹ አልቋል። ቶርኪል ሰላም ሳይል ጀመረ።

"እሺ፣ ሁለተኛው ፓምፕ ወደ ኋላ እየዞረ መከራ አሳያችሁ አይደል? ተረጋጉ፣ መጥቻለሁ።"

ፕሬበን ማላመጡን አቆመ።

"ዞሮ ነበር" አለች ሲግኔ። "ስክሪኑ ላይ አቅጣጫውን ቀየርኩት።"

"በምን?"

"በጣቴ።"

"ቆይ ቆይ" አለ ፕሬበን። "እኛ ለማንም አልተናገርንም። ወደ ኋላ እንደሚዞር አንተ በምን አወቅክ?"

ቶርኪል ኬኩን አየ።

"ታች ያለውን ሽቦ ማነው ያሰረው?" አለች ቤንቴ።

"ኧረ የዚያን ጊዜ... ብዙ ሰው ነበርን።"

"ብቻህን ነበርክ፣ ቶርኪል። ብቻዬን ገጠምኩት እያልክ አይደል እንዴ ጆሯችንን ስትበላው የኖርከው?"

ቶርኪል ወደ በሩ አፈገፈገ።

"ጉድጓዱ ሞልቶ ሰው ቤት ቢገባስ?" አለች ቤንቴ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "ከሰኞ ጀምሮ መናፈሻ ነህ።"

ፕሬበን ግን ደንቡን አልረሳም። "ከሰኞ በፊት አርብ አለ" አለው፣ ሁለተኛውን ቁራሽ እየቆረሰ።

አርብ ዕለት ቶርኪል አንድ ሳጥን ቢራ ብስክሌቱ ላይ አስሮ መጣ። ሲግኔ አንዱን ጠርሙስ አንስታ በመዳፏ ነካ ነካ አደረገችው።

ለብ ብሏል።

"በሚቀጥለው፣ የኔ አባት" አለችው፣ "ቀዝቃዛ ይሁን።"