የአስማተኛው ጉንጭ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ በጥላሸት ተጀመረ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰደኝና ለኪነት ቡድኑ ኃላፊ ለጓድ ታፈሰ አስረከበኝ። ጓድ ታፈሰ እጄን አገላብጠው አዩና ሥዕል እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ትንሽ እንደምችል ነገርኋቸው። ትንሽ ይበቃል፣ የቀረውን አብዮቱ ያስተምርሃል አሉኝ። ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።

ማዕረጌ የሜካፕ ሠራተኛ ሆነ። ዕቃዬ የድስት ቂጥ ጥላሸት፣ ቫዝሊን፣ ዱቄት፣ ጥጥና ሙጫ ነበር። ለአመዳም ፊት ዱቄቱን በቫዝሊን መለወስ ነው። ለጎደጎደ ጉንጭ ደግሞ ጥላሸቱን ከጉንጭ አጥንት በታች በአውራ ጣት ወደ አገጭ መሳብ። ካነሰ ቆሻሻ ይመስላል፤ ከበዛ ጢም ይመስላል። ይህን እስካውቅ ድረስ ብዙ ሰው ጢማም አድርጌአለሁ፤ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯን ጭምር።

ቴአትሩን የጻፈው ወንድሜ ነው። በሌለ አገር የሚኖር አንድ አስማተኛ ንጉሡ ባዘዘው ቁጥር የጠላትን ሐይቅ ያደርቃል። አስማቱ ግን በነፃ አይሠራም። በደገመ ቁጥር ከገላው ይወስዳል፤ መጀመሪያ ጥፍሩን፣ ቀጥሎ ጠጉሩን፣ ከዚያ ሥጋውን። ሐይቁ ሲጎድል እሱም አብሮ ይጎድላል። አስማተኛውን የሚጫወተው ራሱ ጌታሁን ነበር። እኔ በየትዕይንቱ መኻል ከመጋረጃ ጀርባ አከሳዋለሁ።

ጓድ ታፈሰ ጽሑፉን አንብበው ተቆጡ። በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም አስማት የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ ሰው አያከሳም አሉ። ወንድሜ ትንሽ አሰበና አስማተኛው የበዝባዡ መደብ አገልጋይ መሆኑን አስረዳቸው።

«እንደዚያ ከሆነ ይክሳ» አሉ።

ተፈቅዶለት ከሳ።

ቴአትሩን ሐይቁ መኻል ወዳለው ደቅ ደሴት ወስደን ባሳየን ጊዜ አንድ ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ፣ ወንድሜ ፊቱን ሳይታጠብ ያዙት። «ልጄ፣ የንጉሡን ጠላት እንዳሻህ አድርገው። ይህን ሐይቅ ግን ተወው፤ ልጆች አሉን» አሉት። ጌታሁን እንደማይነካው ማለላቸው። በጀልባ ስንመለስ ይህን እያነሳ ሲስቅ ሳል ያዘው። ሳቁ ቆመ። ሳሉ ባሕር ዳር እስክንደርስ አልቆመም።

ከዚያ ወዲያ ጥላሸቱ ይተርፈኝ ጀመር። ጓድ ታፈሰ በስብሰባ ላይ ቁጠባዬን አመሰገኑ። እኔ አልቆጠብሁም። የምስለውን ጉድጓድ ሌላ እየቀደመ ይቆፍርልኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። ተረኛው ጤና ረዳት ቴአትሩን አይቶ ኖሮ «አስማተኛው፣ የማንን ሐይቅ አድርቀህ መጣህ?» ብሎ ሳቀ። የሳል ሽሮፕ ሰጠን፤ ካልተሻለው ሆስፒታል ሄዶ ራጅ እንዲነሳ ነገረን። አልተሻለውም። ግን የአብዮት በዓል ደርሶ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ከልምምድ የቀረ ሰው ስሙ አሻጥረኛ ነው።

ጌታሁን በቡድኑ ፊት ቆሞ መታመሙን ተናገረ፤ ፈቃድም ጠየቀ። ጓድ ታፈሰ ወደኔ ዞረው ሜካፑን በቀን ጀመራችሁት ወይ አሉኝ። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የወንድሜን ጉንጭ አሹ። ጣታቸውን አዩ። ደግመው አሹ። ጣታቸው ንጹሕ ነው።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የማይለቅ?»

«ቀለም አይደለም፣ ጓድ» አልሁ።

«ጎበዝ ነህ። ለበዓሉም እንዲሁ አድርገው።»

ያልገባቸው ይሁን፣ እንዲገባቸው ያልፈለጉ፣ አላውቅም። ፈቃዱ ከበዓሉ በኋላ ተባለ።

ወደ ቤት ስንሄድ ዝም ብለን ሆስፒታል እንግባ አልሁት። እሱን አሻጥረኛ ካሉት እኔንም እንደሚጨምሩ ነገረኝ። ከዚያ «ማሙሽ፣ አስማተኛው ንጉሡን እንቢ ብሎ ያውቃል?» አለኝ።

«የጻፍኸው አንተ ነህ፣ ጋሼ። እንቢ ይበል።»

«ጽሑፉ ጸድቋል እኮ።»

በበዓሉ ቀን ሣጥኔን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። የምቀባው ቦታ አልነበረም። በመጨረሻው ትዕይንት አስማተኛው ከደረቀው ሐይቅ ውስጥ ተነሥቶ ንጉሡን መርገም ነበረበት። አልተነሣም። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጓድ ታፈሰ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። እኔና መጋረጃ ሳቢው ተሸክመን አወጣነው።

ሆስፒታል ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ሁለቱንም ሳንባውን እንደጨረሰው ነገረኝ። ከቀበሌው የምስጋና ወረቀት ደረሰኝ፤ «ለተፈጥሯዊ ሜካፕ» ይላል። እውነት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ተፈጥሯዊ አይገኝም።

የደቁ ሽማግሌ ለቅሶ ሊደርሱ በታንኳ መጡ። ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ። «ቃሉን ጠበቀ። ሐይቃችንን አልነካም» አሉኝ።

አሁን እኔም ሌሎችን አሠለጥናለሁ። ጥላሸት አሳሳቡን በአንድ ሳምንት ይይዙታል። ከዚያ በፊት የማሳያቸው ግን ይህን ነው፦ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ተዋናዩን ፊቱን አስታጥቡት። ውጭ አውጡትና በፀሐይ እዩት።