ከማረው እጅ የወጣ

በፎገራ ሜዳ ጠመንጃ ያለው ሁሉ የማረውን እጅ ያውቃል። «ከማረው እጅ የወጣ ባለቤቱን አይከዳም» ይባላል። ማረው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ግን ደስ እንደሚለው ያስታውቃል።

በግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አባቱን በግጦሽ ወሰን የገደለውን ሰው ሊበቀል የተዋሰውን አሮጌ ምንሽር ሲሞክር እጁ ላይ ፈነዳበት። ቁስሉ ሲደርቅ ሌላ ጠመንጃ ገዛና ርብ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ እየተጋደመ ሰባት ዓመት ጠበቀ። በመጨረሻ ሰውየውን ወባ ቀደመችው። ማረው ያን ዕለት አላለቀሰም፣ አልሳቀም። ጠመንጃውን ፈታቶ እስኪመሽ ሲወለውለው ዋለ። ጠመንጃ የመጠገን ሥራውም ከዚያ ጀመረ።

አሁን አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የሚሠራው ወረታ ውስጥ፣ ከሳልህ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ወፍጮው ሲነሣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ የሩዙ ብናኝ በየስንጥቁ እየገባ ዕቃ የሚይዝበትን ሞርሳና መዶሻውን ያለብሳቸዋል።

በየካቲት መጨረሻ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ቻላቸው ጊታሩን ሊወስድ መጣ። ጢሙ ደረቱ ሊደርስ ነው፤ ደም ሳይመልስ ላይላጨው ምሏል።

ጊታሩ የወንድሙ የደሴ ነበር። ደሴ ከከተማ እየተጠራ በየሠርጉ ይጫወት ነበር። በጥር ወር ከርብ ማዶ በተደገሰ ሠርግ፣ ሙሽራው ሲገባ ጎረምሶቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ። እዮብ የሚባለው ልጅ ፎክሮ ፎክሮ ሲያበቃ የጠመንጃውን ሰደፍ መሬት ላይ መታ። አፈሙዙ ወደ ተጫዋቾቹ አዘንብሎ ነበር። ጥይቷ ደሴ ከፍ አድርጎ የያዘውን ጊታር አናት ሰንጥቃ፣ በአንድ ወገን ያሉትን ሦስት መቃኛዎች ነቅላ፣ በጉሮሮው ገባች። ደሴ ሲወድቅ እንኳ ጣቶቹ ክሩን ይፈልጉ ነበር ይላሉ ያዩት። ከዚያ ዳሱ ተተረማመሰ። የሟች ዘመዶች እዮብን በሽመል ቀጠቀጡት፤ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አድቅቀው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። በማግሥቱ የአባቱን የሩዝ ክምር አነደዱ። ልጁን ቄሶች ከእጃቸው ነጥቀው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ደበቁት። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ በፊት በመስኖ ውኃ ተፈነካክተው ነበርና ቻላቸው «ሆን ብሎ ነው የገደለው» አለ፤ ከዚህ ነቅነቅ አላለም።

ማረው የተሰነጠቀውን አናት በኮላ አጣብቆ ሦስት ቀን ሞርሳ ውስጥ አቆይቶታል። የቀሩት መቃኛዎቹ ናቸው። እነሱን ባሕር ዳር ወርዶ ያመጣለት ሳልህ ነው። ጥቅሏን ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለና፣

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታስተኩስ ኖረህ፣ በእርጅናህ አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» አለ። ከዚያ ጥግ የተቀመጠውን ቻላቸውን አየ። ሳቁን ዋጠ። «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ጥቅሏን አስቀምጦ ወጣ።

«በቀብሩ ለት ጊታሩን ለቀስተኛው መሐል ይዘነው ስንወጣ አናቱ ተንጠልጥሎ ነበር» አለ ቻላቸው። «እንደ ሰው አንገት። እናቴ ‹ለአርባው እንዲህ ሆኖ እንዳይወጣ› አለች። አርባው ቅዳሜ ነው።»

«ይደርሳል።»

ማረው የተረፉትን አሮጌ መቃኛዎች ብሎናቸውን እየፈታ አወረዳቸው። አዲሶቹን ሲለካ ዘንጋቸው ወፍራም ነው፤ ቀዳዳው አይበቃቸውም። ክብ ሞረዱን አነሣና ቀዳዳውን ቀስ እያለ ያሰፋ ጀመር።

«አያ ማረው» አለ ቻላቸው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዮብ ለሽማግሌዎቹ ‹ምላጩን አልነካሁም፤ ሰደፉን ብመታው ብቻውን ተኮሰ› አለ። ‹ማረው ጋ አሠርቼው ገና አንድ ቀኑ ነው› ይላል።»

ሞረዱ ቆመ፤ መልሶ ቀጠለ።

«እኔ ሳቅሁባቸው። ከእርስዎ እጅ የወጣ ጠመንጃ ብቻውን ይተኩሳል ወይ? አልኳቸው። ከሽማግሌዎቹ አባ ተክለ ማርያም ‹እንግዲያው ማረው ይናገር። አይተኩስም ካለ እኛም ከመሐል እንወጣለን› አሉ። እነሱ ከወጡ እዮብ ቅዳሜ ማታን አያያትም።»

«መጀመሪያ ይቺን ልጨርስ» አለ ማረው።

በእጁ የያዛት ያቺው ሞረድ ነበረች። በሠርጉ ዋዜማ እዮብ «ምላጩ ጠጠረብኝ» ብሎ መጥቶ፣ ማረው የጥይት መቺውን ይዛ የምታቆመውን ትንሽ ጥርስ የሞረደባት። አንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ገፋት። ባዶውን ጠመንጃ ሰደፉን በጠረጴዛው ሲመታው ምላጩ ሳይነካ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ማረው ሰምቷል። ‹አበላሸሁት፣ ነገ ና› ማለት ነበረበት። ነገር ግን ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይቸኩላል፤ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፈው ገበሬ ያያል፤ ማረው ደግሞ አበላሸሁ ብሎ አያውቅም። «ከሠርጉ በኋላ መልስልኝ፣ ደግሜ አየዋለሁ» ብሎ ሰጠው።

የአዲሶቹ መቃኛዎች የብሎን ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር አልገጠመም። የክብሪት እንጨት ኮላ ውስጥ እየነከረ አሮጌውን ደፈነና በትንሿ ትራፓኖ ሌላ በሳ። አንዱን አጥብቆ ሲያዞረው ጥርሱን ተመለከተ። መያዣው አሥራ አራት ጊዜ ሲዞር ዘንጉ አንዴ ይዞራል። ከክሩ በኩል ግን ምንም ቢጎተት ጥርሱ ንቅንቅ አይልም። ማን እንደሠራት እንጃ፤ የያዘችውን አትለቅም። ማረው መያዣውን ደግሞ አዞረና አያት።

አምስቱን ክር ወጠረ። ስድስተኛዋን፣ ቀጭኗን፣ ዘንጉ ላይ ጠምጥሞ እንደ ላላች ተዋት። ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«ይተኩሳል» አለ።

«ምን?»

«ያ ጠመንጃ ብቻውን ይተኩሳል። ጥርሷን አብዝቼ ሞርጃት ነበር። አውቄ ነው የሰጠሁት። ልጁ አልዋሸም።»

ቻላቸው ተነሣ። መጀመሪያ ያልገባው ይመስል ነበር። ከዚያ በጡጫ አፉን አለው። ማረው ከሞርሳው ጋር ተላትሞ ወደቀ፤ ደምና ጥርስ ተፋ። ቻላቸው ኮሌታውን ይዞ አነሣው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። ጊታሩን በአንገቱ ያዘና ወደ ላይ አነሣ፤ ክሮቹ አጉረመረሙ። ድምፁን ሲሰማ ክንዱ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ መልሶ አጋደመው፤ እንደ ሕፃን። መዶሻውን አነሣ።

«በየትኛው እጅህ ነው?»

ማረው ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ሦስት ጊዜ ነው የመታው። በመጀመሪያው ጣቶቹ ተፈለጡ፤ በሁለተኛው አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ሦስተኛውን ማረው አልሰማውም። ጩኸቱን ወፍጮው ዋጠው። ከግድግዳው ማዶ ገበሬዎች ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ሲነቃ ቻላቸው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ መዶሻው ጭኑ ላይ ነው። አልሄደም፣ አልገደለውም።

ማረው የደቀቀውን እጁን በጋቢው ጠቅልሎ በብብቱ ሥር ያዘ። እየተንገዳገደ ተነሣ። ግራ እጁን፣ ሦስት ጣት ያላትን፣ ወደ መጨረሻው መቃኛ ሰደደ። አዞረ። ክሯን በአውራ ጣቱ ነካት፤ ድምፅዋ ገና ላላ ያለ ነው። ደግሞ አዞረ።

«ይበቃታል?»

ማረው ቅኝት አያውቅም። ወንድሙ ሲቃኝ ያቺን ድምፅ በየጠዋቱ ከቤቱ ግድግዳ ማዶ ሲሰማ የኖረ ቻላቸው ነው። ማረው እንደገና ነካት።

ቻላቸው ቀና ሳይል፣ «ትንሽ ይጨምሩ» አለ።

ቅዳሜ፣ የአርባው ጸሎት እንዳበቃ፣ ሽማግሌዎቹ እዮብን ለዕርቅ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አሸክመው አስገቡት። ከኋላው ሌላ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ገባ፤ ማረው ነው። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ማንም ማረውን በዚያ መልክ አይቶት አያውቅም። ከንፈሩ አብጧል። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ታስሯል። ድንጋዩን በግራ እጁ ደግፏል። ሁለቱም ተንበረከኩ።

የደሴ እናት እማማ ሸዋነሽ ጊታሩን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ስድስቱን መቃኛዎች አንድ በአንድ።

«ማነው የጠገነው?»

ቻላቸው በአገጩ አሳየ።

እማማ ሸዋነሽ የተጠቀለለውን እጅ አዩ፤ ዞረው ደግሞ ልጃቸውን አዩ። ቻላቸው ዓይኑን ሰበረ። ጊታሩን ጭናቸው ላይ አጋድመው ወደ ማረው ድንጋይ ጠቆሙ።

«የእሱን አውርዱለት» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ ግን ይቆይ። እሱ ገና ጉልበት አለው።»