የልጃቸው ጎማ

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ወዳለው ጋራዤ፣ የአደጋ መብራት እያብለጨለጩ፣ በእግረኛ ፍጥነት ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ የፋብሪካ ቱታቸውን አላወለቁም። ቀይዋ የስፖርት መኪና ግን የልጃቸው ናት። ወታደር ነው፤ ነገ ለሻባት፣ ለቅዳሜ ሰንበት፣ ይመጣል። መሬት ልትነካ እስክትደርስ ዝቅ አስደርጓታል።

ተንበርክከው መዳፋቸውን ከጎማው ጀርባ ሰደዱ። "ከውጭ አዲስ ይመስላል፤ ከውስጥ ሽቦው ወጥቷል" አሉኝ።

"መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ጋሼ። አዲስ ጎማ አስገብቼ አላይመንቱን፣ የጎማውን አቋቋም፣ ሳስተካክለው ከውስጥም ከውጭም እኩል ያልቃል።"

"እኔ እንዳመጣኋት አይወቅ። እንዳልነካት ከልክሎኛል።"

ስጨርስ ቁልፉን ሰጠኋቸው። "አሁን መንገድ ትይዛለች፤ አይስጉ" አልኳቸው።

ቁልፉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

"እንግዲያው ከበፊቱም አብልጦ ያበርራታል ማለት ነው?"