ምሰሶ የሌለው ደረጃ

ልጄ ብረት በያጅ ነው። በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ ደረጃ ይሠራል። ሰፈርተኛው «አይነቃነቄ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ የእሱን በር ሌባ እንኳ አይቶ ተሰናብቶት ይሄዳል እያሉ ይቀልዳሉ። ደረጃ ሲያስረክብ መሀሉ ላይ ወጥቶ ይዘልበታል፤ «ይኸው» ይላል፤ በቃ።

ዘንድሮ አንዲት ሴት ለአዲስ ቤቷ ደረጃ አዘዘችው። ምን እንደነካው እንጃ፣ ከሥሩ ምሰሶ የሌለው፣ ከግድግዳው ወጥቶ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ፎቅ የሚደርስ ነገር ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣለ።

«እማዬ፣ እስከ ዛሬ ሰው የሚረግጠውን ሠራሁ» አለኝ። «አንዴ ደግሞ ቆሞ የሚያየውን ልሥራ።»

ደስ አለኝ። ግን ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለው።

ሥራው ያለቀ ቀን ከትንሿ ሴት ልጁ ጋር ምሳውን ይዘንለት ሄድን። ደረጃው ብረት መሆኑን ያስረሳል። የቤቱ ባለቤትም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈዛለች። እሱ ብቻ የታችኛውን መርገጫ ይዳብሳል። ለምን እንደማይዘልበት በሹክሹክታ ጠየቅሁት። ሌላው ሥራው ምን ያህል እንደሚሸከም ገና ሳያልቅ እንደሚታወቀው፣ ይህን ግን ሠርቶት ስለማያውቅ እጁም ምንም እንደማይነግረው አጫወተኝ።

ይህን ስናወራ ልጅቷ በደረጃው ሽቅብ ሮጠች።

ስሟን ልጠራ አልኩና ዋጥኩት፤ ደንግጣ ብትዞርስ? አባቷ ከሥር ገብቶ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ያን ሁሉ ብረት ሊቀበል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ይወዛወዛል» አለች እየሳቀች።

«ቁጭ በይ የኔ እናት። በቂጥሽ እየተንፏቀቅሽ ውረጂ። ቀስ።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር። በየመርገጫው ብረቱ ሲጥጥ ይላል። እሱ ከሥር ከሥሯ እየተከተለ፣ እኔ ነፍሴ ተንጠልጥላ፣ ወረደችልን።

እቅፌ ስትገባ እሱ ወፍራም ቱቦ አነሳ። ባለቤቲቱ ክንዱን ያዘችው።

«ተው እባክህ፤ ምሰሶ ካስገባህበትማ ውበቱ ሞተ። ምንም አልሆነችም እኮ።»

«እትዬ፣ ውበቱን እኔም አይቼዋለሁ» አላት። «ልጄን ግን ከሥሯ ሆኜ አየኋት።»

ጭምብሉን አጥልቆ መበየድ ጀመረ። ባለቤቲቱ ፊቷን አዞረች። እውነቷን ነው፤ ምሰሶው ሲቆም እንደማንኛውም ደረጃ ሆነ። ሲጨርስ ውሃ አቀበልኩት። እጆቹን ከምሰሶው ላይ ስላላነሳ ብርጭቆውን እኔው ይዤ አጠጣሁት።